ቀለም ያላወጣ ጨው

ዶክተር ነኢማ ሸረፋን ያወቅኳት በ2004 ዓ.ም. ነው። ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራ የሥነ ምግብ ጥናት ድርጅት በላብራቶሪ ኬሚስትነት ሲቀጥረኝ አለቃዬ እሷ ነበረች። ላጲሶ እባላለሁ፤ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ወንበር ስባ ካስቀመጠችኝ በኋላ ስለ ትምህርቴም ስለ ልምዴም አልጠየቀችኝም።

«እናትህ እንቅርት አለባት?» አለችኝ።

ግራ ገብቶኝ የለባትም አልኳት። አያትህስ አለች። አያቴ አንገቷ ላይ ጡጫ የሚያክል እብጠት ነበረባት። ይህን ስነግራት ራሷን ነቀነቀችና ነጭ ጋወን አንስታ ሰጠችኝ።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ እስክረዳ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ነኢማ ስለ ራሷ የምታወራ ሰው አልነበረችም። ስለ ቤተሰቧ የማውቀውን ያወቅኩት ወደ ገጠር ለናሙና ስንወጣ፣ በመኪናው የኋላ ወንበር፣ የተማሪዎች ሽንት የታጨቀበት የበረዶ ሣጥን መሃላችን ተቀምጦ፣ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን እየሰማሁ ነው።

አባቷ ጋሽ ሸረፋ ከጉራጌ ደጋ ተነሥተው አዲስ አበባ የገቡት በ1970 ነው፤ ባለቤታቸውን ዘይባንና የአራት ዓመት ልጃቸውን ኑርጋን ይዘው። ሾላ ገበያ መጀመሪያ መሬት ላይ፣ በኋላ ደግሞ በትንሽ ሱቅ ጨው መቸርቸር ያዙ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አልሠሩም። ነኢማም ታናሿ ፈቲያም የተወለዱት እዚሁ ነው። ኑርጋ ግን የአገር ቤት ልጅ ነው። አይሰማም፣ አይናገርም። ቁመቱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ካከለ በኋላ አልጨመረም። ክንዱ ግን ብርቱ ነበር፤ ጆንያ ጨው ከመኪና አውርዶ ሱቁ ውስጥ ይደረድራል፣ አንዱ ከሌላው በጣት ያህል ወጣ ካለበት አፍርሶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለ እሱ ቤተ ዘመዱ ያላለው የለም። እናቱ እርጉዝ ሳሉ ጅብ አስደንግጧቸው ነው ያለ አለ፣ ዓይን ነው ያለም አለ። እናትየው ራሳቸው በዚህ ነገር ትንፍሽ ብለው አያውቁም። አንገታቸው ላይ ያለውን እብጠት በሻሻቸው ሸፍነው ሥራቸውን ይሠሩ ነበር።

ነኢማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች አንድ ቀን መምህሩ ግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ አሳየ። አንገቷ ያበጠ እናት፣ አጠገቧ ቁመቱ ያጠረ፣ ፊቱ የሰፋ፣ አፉ ገርበብ ያለ ልጅ። እርጉዝ ሴት አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ካላገኘች የፅንሱ አንጎል በወጉ አያድግም፤ ጆሮውም ሊደነቁር ይችላል፤ ከተወለደ በኋላ ቢሰጠው የሄደው አይመለስም አለ መምህሩ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚያስፈልገው ሁሉ ቢጠራቀም አንዲት የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው፤ እሱም ጨው ላይ ተጨምሮ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይገኛል። ነኢማ ደብተሯን ዘግታ ወጣች። «ስለ ወንድሜ እያስተማረ ነበር» አለችኝ። «ስሙን ብቻ ነው ያልጠራው።»

ቤት ገብታ ግን ለማንም አልነገረችም። እናቷ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ሰውነት ነው ልጄን እንዲህ ያደረገው ብለው እንዳይሰበሩ ፈራች። በደንብ ሳውቀው አስረዳታለሁ፣ ስመረቅ እነግራታለሁ እያለች ቆየች። ለዶክትሬት ቤልጅየም ሳለች እናቷ ዐረፉ። ለቀብር እንኳ አልደረሰችም።

ከዚያ በኋላ ሕይወቷ አዮዲን ሆነ ማለት ይቻላል። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ያልዞርንበት ክልል አልነበረም። ትምህርት ቤት እንገባለን፣ ልጆቹን አሰልፋ አንገታቸውን በሁለት አውራ ጣቷ ትዳብሳለች፣ እኔ ሽንትና ከየቤታቸው ያመጡትን ጨው እሰበስባለሁ። አንድ ቦታ ከአርባ ሁለት ተማሪዎች የሃያ ስድስቱ አንገት አብጦ አገኘነው። ርእሰ መምህሩ ራሱም ነበረበትና፣ እኛ ዘንድ እኮ ይሄ ጌጥ ነው ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም። የልጆቹን ስም ዝርዝር ጠይቃ ወሰደች። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሰን ስንሄድ ከዝርዝሩ ላይ ያገኘናቸው ሁሉ እንደነበሩ ነበሩ፤ ጨውም ያው ጨው ነበር።

ሪፖርታችን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታትሞ ቦሌ ከሚገኙት ሆቴሎች ባንዱ አዳራሽ ይመረቃል። ንግግር ይደረጋል፣ ምሳ ይበላል። ከዚያ ገንዘብ የሚሰጠን ለጋሽ ወደ ሌላ ርእስ ይዞራል፤ አንድ ዓመት ብረት ነው፣ አንድ ዓመት ቫይታሚን ኤ ነው። ነኢማ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀቷን ይዛ ደጅ ትጠናለች። ትዳሯ ሦስት ዓመት ቆይቶ ፈረሰ። ባሏ ልጅ ይፈልግ ነበር፤ እሷ ደግሞ ዛሬ ነገ ትል ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ የጠየቃትም ያለ አይመስለኝም። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለብቻዋ መኖር ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ስትጋፋ ጫማዋ ተረግጦ ቢሮ ትደርስና ሳታወልቅ ሥራ ትጀምራለች።

በ2014 መግቢያ ላይ በምሥራቅ አዲስ አበባ ገበያዎች የሚሸጥ ጨው እንዲመረመር አንድ ጥናት መጣልን። ጨው ያለ አዮዲን ለምግብ እንዳይሸጥ ከተደነገገ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ጥያቄው ደንቡ ይከበራል ወይ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች ከየሱቁ ጨው ገዝተው ከእሽጉ ጋር ቁጥር ለጥፈው ያመጡልኛል። እኔ የማየው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ የማን ሱቅ እንደሆነ አላውቅም። አብዛኛው ደህና ነበር። የተወሰነው አንሶ ተገኘ። ቁጥር 114 ላይ ስደርስ ግን፣ የመመርመሪያው ኬሚካል ሲጨመርበት መጥቆር የነበረበት የጨው ውሃ ንጹህ ውሃ መስሎ ቀረ። አንዲት ቅንጣት አዮዲን የለበትም። እሽጉ ላይ ደግሞ በትልቁ «አዮዲን የተጨመረበት» ይላል። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው።

ውጤቱን ወስጄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። የሱቆቹን ዝርዝር ከፍታ ጣቷን ወደ ታች እየነዳች ሄደችና 114 ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የአባቴ ሱቅ ነው» አለች።

ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ሾላ፣ ወደ ቤተሰቧ ቤት ሄደች። ፈቲያ ከባሏ ጋር እዚያው ግቢ ነው የምትኖረው፤ ያኔ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ነኢማ ወጥ ቤት ገብታ የጨው ማሰሮውን ከፈተችና በቦርሳዋ ከምትይዘው መመርመሪያ አንድ ጠብታ ጣል አደረገችበት። ደህና ጨው ቢሆን ወዲያው ሐምራዊ ይሆናል። ጨዉ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ፈቲያ ሽንኩርት እየላጠች ምን እያደረግሽ ነው አለቻት፤ የሥራ ነገር ነው ብላ መለሰችላት። ጨውን በፌስታል ገልብጣ ይዛው ወጣች፤ መንገድ ዳር ካለው ሱፐርማርኬት ሌላ ጨው ገዝታ ተመልሳ ማሰሮው ውስጥ ሞላችው። አሁንም ምክንያቱን አልተናገረችም። በማግሥቱ ይህን ስትነግረኝ ፌስታሉ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ቂርቆስ ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን ሲሰማ ናሙናው ይውጣ አለ። የተመራማሪ ዘመድ ያለበትን ናሙና ከጥናት ማውጣት የሥነ ምግባር ግዴታ ነው፣ ማንም አይወቅስሽም አላት። ነኢማ ግን ሌላ ሰው ሄዶ እንደ አዲስ ይግዛና ይመርምረው፣ እኔ እጄን አላስገባም አለች። ሌላው ሰው እኔ ሆንኩ።

ጋሽ ሸረፋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። አነጋገሬን ሰምተው ከየት ነህ ልጄ አሉኝ፤ ከሆሳዕና ነኝ ስላቸው ጎረቤታሞች ነን ብለው ደስ አላቸው። ማንነቴን አልነገርኳቸውም። ሁለት እሽግ ጨው ጠየቅኩና አዮዲን አለው ወይ አልኳቸው።

«ተጽፎበታል» አሉ።

አለው አላሉም። ከኋላ ኑርጋ ጆንያ ሲያስተካክል ቆይቶ መጣና ጨውን ከእጃቸው ተቀብሎ ሰጠኝ፤ ትከሻዬንም መታ መታ አደረገኝ። ቢሮ ተመልሼ መረመርኩት። ባዶ ነው።

በጥናቱ ውል መሠረት ምንም አዮዲን ያልተገኘበት ሱቅ ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ይገለጻል። እንዲህ ዓይነት ሦስት ሱቆች ነበሩ። ነኢማ ደብዳቤው ላይ ፈረመች። አባቷን አስቀድማ ልታስጠነቅቅ ትችል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ስልኳን አንስታ ስታስቀምጥ አይቻለሁ። በኋላ ፈቲያ ይህንን አልረሳችላትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሱቁን አሸጉት።

ለኑርጋ ሱቁ ለምን እንደተዘጋ ማስረዳት የቻለ ሰው አልነበረም። እንደ ወትሮው ጠዋት ተነሥቶ ይሄዳል፤ የታሸገው በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ ይዳስሳል፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እስከ ማታ ይጠብቃል። ጎረቤት ነጋዴዎች ምሳ ይሰጡታል። ሦስተኛው ቀን ላይ ወረቀቱን ሊልጠው ሲል ጥበቃው በዱላ እጁን መታው። ነኢማ የሰማችው ከፈቲያ ነው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች፤ እኔም የጠብታ መለኪያዬን ይዤ ሥራ ያለኝ መሰልኩ።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ሸረፋ ቢሯችን መጡ። ሦስት ፎቅ በእግር ወጥተው ስለነበር ትንፋሻቸው ቆረጥ ቆረጥ ይል ነበር። እኔን ሲያዩ ያስታወሱኝ መሰለኝ፤ ግን ምንም አላሉኝም። ልጃቸው ፊት ተቀመጡና፣ እናንተ ከመንግሥት ሰዎች ጋር ትሠራላችሁ፣ ማን እንደጠቆመብኝ ማወቅ አያቅትሽም አሏት። ከጎናቸው ያለውን ነጋዴ ነው የጠረጠሩት።

«እኔ ነኝ፣ አባ» አለች።

ያልሰሙ መሰሉ።

«ጨውህ አዮዲን የለውም። ሁለት ጊዜ መርምረነዋል።»

«እንደሌለውማ አውቃለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። ጥሬ ጨው ከዳር አገር አምጥቶ እዚህ ከተማ ጫፍ እሽግ ውስጥ የሚሞላ ሰው እንዳለ፣ ጨው ደረቅና ነጭ ስለሆነ ደንበኛ እንደሚወደው አስረዷት። አዮዲን የሚባለው ነገር የወረቀት ጣጣ ነው የመሰላቸው። አርባ ዓመት ጨው ስሸጥ በጨው የሞተ ሰው አላየሁም አሉ።

ለመውጣት ተነሣሁ። ነኢማ እንድቀመጥ በእጇ አመለከተችኝ። ለምን እንደፈለገችኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ምናልባት ብቻዋን መሆን ፈርታ ይሆናል። ከዚያ ነገረቻቸው። የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ አልተጠቀመችም። እማዬ ኑርጋን እርጉዝ ሳለች አፈሩም ውሃውም ጨውም ያልነበረው አንድ ነገር ነበር አለች፤ አንገቷ ያበጠው እሱን ስትፈልግ ነው፤ ልጁ የማይሰማው፣ ያላደገው እሱን ስላላገኘ ነው። ጅብ አይደለም፣ ዓይንም አይደለም።

«ኑርጋ?» አሉ።

«ኑርጋ።»

«ያኔ እኮ እኔ ጨው አልሸጥም። ገበሬ ነበርኩ።»

«ያንተ ጥፋት አልነበረም፣ አባ። ያኔ አገራችን የሚያውቅ አልነበረም።»

ስለ ያኔው ተናግራ ቆመች፤ ስለ አሁኑ የቀረውን አልጨመረችም። እሳቸው ግን ነጋዴ ናቸው፤ ያልተባለውን መስማት ያውቃሉ። ወደ እኔ ዞሩና፣ እስቲ አሳየኝ አሉ።

ሁለት ሳህን አቀረብኩ። በአንዱ የሳቸውን ጨው፣ በሌላው ደህናውን አደረግኩ። በሁለቱም ላይ አንዳንድ ጠብታ ጣልኩ። ደህናው ወዲያው ሐምራዊ ሆነ። የሳቸው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጎንበስ ብለው አዩት። ሐምራዊውን ጨው በጣታቸው ጫፍ ነኩት፤ ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ተመለከቱት።

«ዘይባን የጎደለቻት ይቺ ናት?»

«አዎ» አልኩ እኔ።

ጣታቸውን በመሐረባቸው ጠርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ይህን ካወቅሽ ምን ያህል ጊዜ ነው?»

«ሃያ ዓመት።»

«ሃያ ዓመት» አሉ። «ገጠር ለገጠር እየዞርሽ ለሰው ሁሉ ስትነግሪ።»

ሁለቱን ሳህኖች ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«ነግረሽኝ ቢሆን ይህን ጨው እገዛ ነበር?»

በቁጣ አልነበረም የጠየቁት። መንገድ የጠፋበት ሰው አቅጣጫ እንደሚጠይቅ ነው።

«አትገዛም ነበር» አለች።

ኮፍያቸውን አስተካክለው ተነሡ። ደረጃው ላይ ልደግፋቸው ስከተላቸው በእጃቸው መለሱኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ዘንድ ሄደው ሱቁ ውስጥ ያለው ጨው በሙሉ እንዲጣል ራሳቸው ጠየቁ፤ የሚያቀርብላቸውን ሰውና መጋዘኑን ተናገሩ። ከዚያ ገበያ ውስጥ ዞረው የሚያውቋቸውን ደንበኞች አንድ በአንድ፣ ከኔ የገዛችሁትን ጨው ድፉት ማለት ጀመሩ። ሰው ግማሹ አረጁ አለ፣ ግማሹ ሳቀ። የሺአረግ የምትባል፣ ከእሳቸው ጨው እየገዛች በርበሬና ሽሮ አሰናድታ የምትሸጥ ሴት ግን አልሳቀችም። ሦስተኛ ልጇ በአምስት ዓመቱ ገና አፉን አልፈታም ነበር። ከዚህ ነው ወይ ብላ ጋሽ ሸረፋን ያዘቻቸው። አላውቅም አሏት። ሴትዮዋ ነኢማን ፈልጋ ቢሮ ድረስ መጣች። ነኢማ ከልጁ ጋር አንድ ከሰዓት ሙሉ ቁጭ ብላ ሐኪም ዘንድ ላከቻት፤ ለዋናው ጥያቄ ግን መልሷ የአባቷ መልስ ነበር። አይታወቅም። ሴትዮዋ ተራግማ ሄደች።

ጋሽ ሸረፋ የጠቆሙት መጋዘን ተዘጋ ተባለ። በወሩ ያው ጨው በሌላ ስም፣ በሌላ ቀለም እሽግ ገበያ ላይ ወጣ፤ ገዝቼ መርምሬዋለሁ። ሾላ ውስጥ ደግሞ እሳቸውን የሚያናግር ነጋዴ ጠፋ። ሱቁ ከሁለት ወር በኋላ ቢከፈትም ዕቃ የሚጭንላቸው አልተገኘም። ሱቁን ለአከራያቸው መለሱና ቤት ተቀመጡ። ስኳር ነበረባቸው፤ መድኃኒቱን መውሰድ ተዉ የሚሉ አሉ፤ ፈቲያ ደግሞ ረስተውት ነው ትላለች። ነኢማ በየሳምንቱ እየሄደች ትጠይቃቸዋለች። ስለ ጤናዋ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አራብሳ ውሃ ያናግሯታል። ስለ ጨው ከዚያ ቀን በኋላ አንዲት ቃል አልተናገሩም። በ2015 በረመዳን ወር ዐረፉ።

ሪፖርቱ የወጣው ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ወር ነው። ቦሌ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተመረቀ። አዮዲን ያልተገኘባቸው ሦስቱ ሱቆች፣ ቁጥራቸው አነስተኛ በመሆኑ አጠቃላይ ውጤቱን አይለውጡም የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነው ቀሩ። ዓረፍተ ነገሩ በስታቲስቲክስ ትክክል ነው። ነኢማ ከኋላ ረድፍ ተቀምጣ ሰማችው፤ ምሳ ሳትበላ ወጣች። ለጨው ጥናት የመጣው ገንዘብ በዚያው አለቀ፤ ውሏም አልታደሰም። እኔ ታሽጎ የሚሸጥ ውሃ የሚያመርት ፋብሪካ ገባሁ። እሷ አሁን አንዳንድ ጊዜ ለሁለት ወር ለሦስት ወር ሥራ ታገኛለች፤ ባለፈው ያገኘችው ስለ ዱቄት ነበር።

ኑርጋን አራብሳ ወሰደችው። ፈቲያ ልትከለክላት አልሞከረችም፤ ቤቷ ጠቦባታል፣ ሕፃንም ይዛለች። ልጅቷ የተወለደችው የካቲት 2014 ላይ ነው፤ ጤነኛ፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ነኢማ ግን አክስት መሆን አቃታት። ሕፃኗን ባየች ቁጥር ከጀርባዋ ታጨበጭባለች፣ ዞር ማለቷን ታያለች፣ ቁመቷን በሜትር ትለካለች፣ ጭንቅላቷን ዙሪያውን ትለካለች፣ ትጽፋለች። አንድ ቀን ፈቲያ ሜትሩን ከእጇ ነጥቃ፣ ልጄን ናሙና አታድርጊያት አለቻት። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር አልተነጋገሩም። አባታቸው ሲሞቱ ታረቁ፤ የሜትሩ ነገር ግን አልተነሣም።

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ አራብሳ ሄጄ ነበር። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ስለሆነ የሚመጣው ኑርጋ ከታች ጄሪካን ተሸክሞ ለአራተኛ ፎቅ ብቻ ሳይሆን ለደካማ ጎረቤቶች ሁሉ ያደርሳል፤ ብሎኩ ውስጥ የማይወደው የለም። ሃምሳ ሊሞላው ነው፣ ፀጉሩ ሸብቷል። ፈቲያም ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ኑርጋ በቤተሰቡ ብቻ የሚታወቅ የእጅ ንግግር አለው። ሕፃኗ አጠገቡ ቆማ ስታየው ቆየችና አውራ ጣቷን ታችኛው ከንፈሯ ላይ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገች። ኑርጋ ተነሥቶ በኩባያ ውሃ አመጣላት።

ፈቲያ ሳቀች። የአጎቷን ቋንቋ ለመደች አለች። ነኢማ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አልሳቀችም። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ቀርቷት ከ«እማ» እና «እንካ» በቀር ቃል የላትም። ጆሮዋን አስመርምረዋት ደህና ትሰማለች ተብሏል። ሐኪሙ ልጅ እንደየራሱ ነው፣ አንዳንዱ ይዘገያል፣ ስድስት ወር እንይ ብሏል። በእጇ ማውራቷ አጎቷን እያየች ነው ወይስ ቃሉ ስላልመጣላት፣ ያንን የሚለይ ምርመራ የለም። ፈቲያ በእርግዝናዋ የመጀመሪያ አምስት ወራት የበላችውን ጨው ነኢማ ታውቃለች። ፈቲያም አሁን ታውቃለች።

ልወጣ ስል ነኢማ እስከ ደረጃው ሸኘችኝ። የሐኪሙ ቀጠሮ መቼ ነው አልኳት። ሰኔ ላይ ነው አለች። ከዚያ የደረጃውን ብረት ያዘች።

«ጥናት ቢሆን» አለች፣ «በአንድ ሕፃን ምንም ማለት አይቻልም ብዬ እጽፍ ነበር።»

ከውስጥ ፈቲያ ጠራቻት። ሕፃኗ ልትተኛ ነው፣ ደህና እደሪ ልትባል ይገባታል። ነኢማ ቻው ብላኝ ገባች።